ከካሸርነት ወደ ዕቃ ግዢ ክፍል፦ ለአንዲት ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ዕድሜዬ 21 ነው። በዲቪ ከቤተሰቤ ጋር ሜሪላንድ ከገባሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የቢዝነስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከትምህርት ውጪ በሳምንት 25 ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ግሮሰሪ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር አስቤአለሁ። ምኞቴ ከትልልቆቹ የሪቴል (የችርቻሮ ንግድ) ኩባንያዎች በአንዱ የዕቃ ግዢ ክፍል መግባት ነው፤ ነገር ግን እዚያ አካባቢ የማውቀው ሰው የለም፤ ስኮላርሺፕና የተማሪዎች ፕሮግራም የሚባለውም እንደ እኔ ላለ ሰው ይሁን አይሁን አልገባኝም። ቤተሰቦቼ ነርሲንግ ብታጠኚ ይሻልሻል ይሉኛል። ከምን ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በአንድ የመደብር ሰንሰለት ዋና መሥሪያ ቤት፣ በዕቃ ዕቅድ ክፍል ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በየሰመሩ ለኢንተርንሺፕ የሚያመለክቱ ተማሪዎችን ከሚያነጋግሩት ሰዎችም አንዱ ነኝ። ጥያቄሽን ሳነብ ያስተዋልኩት የካሸርነቱን ሥራ የጠቀስሽው ኑሮሽን ለማስረዳት ያህል ብቻ መሆኑን ነው። እኔ ግን የምጀምረው ከእሱ ነው። ስኮላርሺፑም፣ የተማሪዎች ፕሮግራሙም፣ ከሰው መተዋወቁም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቁሻል፤ ይኸውም በገዛ ዓይንሽ ያየሽውና በቁጥር የያዝሽው የዕቃና የደንበኛ ታሪክ ነው። ያ ታሪክ የሚገኘው አሁን አንቺ በቆምሽበት ቦታ ነው፤ ከእኔ ፊት ከሚቀርቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ የላቸውም።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ራሱ አንድ ነገር ልበል። «ዕቃ ግዢ» በሚባለው ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሙያ አለ። ባየር የሚባለው ምን ዕቃ፣ ከማን፣ በስንት ዋጋ እንደሚገዛ ይወስናል፤ ከአቅራቢዎች ጋር የሚደራደረውም እሱ ነው። ፕላነሩ የገንዘቡን ልጓም ይይዛል፤ ለአንድ የዕቃ ዓይነት በወቅቱ ስንት ዶላር እንደሚመደብ፣ በየሳምንቱ ስንት ይሸጣል ተብሎ እንደሚጠበቅ፣ ዋጋው መቼ ዝቅ ማለት እንዳለበት የሚያሰላው እሱ ነው። አሎኬተሩ ደግሞ የተገዛው ዕቃ ለየትኛው ቅርንጫፍ ስንት ስንት እንደሚደርስ ያከፋፍላል። አዲስ ምሩቅ በአብዛኛው የሚገባው በረዳት ባየርነት ወይም በአሎኬተርነት ነው። ተማሪዎች ሁሉ ባየር መሆንን ይመኛሉ፤ ስሙ ያምራል፤ ጉዞም አለው። ከቁጥር የማይሸሽ ሰው ግን በፕላነሩና በአሎኬተሩ በር ቢገባ ሰልፉ አጭር ሆኖ ያገኘዋል፤ በኋላ ወደ ባየርነት ለመሻገርም የሚከለክለው ነገር የለም።

ስለ ቁጥር ካነሣሁ አይቀር የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። አባቴ መርካቶ ሸማ ተራ ሱቅ ስለነበረው ንግድን በልጅነቴ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ ላይ፣ በ6 ዶላር የተገዛ ዕቃ በ10 ዶላር ቢሸጥ ማርጂኑ ስንት ነው ተብዬ ተጠየቅኩ። ሳላመነታ «67 በመቶ ገደማ» አልኩ። አባቴ ትርፉን የሚያሰላው ከገዛበት ዋጋ ላይ ስለነበር 4 ዶላር ለ6 ሲካፈል እንዲያ ይመጣል። የዚህ አገር ሪቴል ግን ማርጂን የሚለው ትርፉ ከሽያጩ ዋጋ ስንት እጅ እንደሆነ ነው፤ 4 ለ10 ሲካፈል 40 በመቶ ማለት ነው። ያነጋገረችኝ ሴት ምንም አላለችም፤ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ሥራውን አላገኘሁም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ያው ዕቃ ሳይሸጥ ቆይቶ ወደ 8 ዶላር ቢወርድ ቅናሹ 20 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ማርጂኑ ከ40 ወደ 25 በመቶ ያሽቆለቁላል። ፕላነር ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነው።

እንግዲህ በግሮሰሪው ውስጥ ምን ልታደርጊ እንደምትችዪ በምሳሌ ላሳይሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለ ሱቅ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ለኢንተርንሺፕ አመልክቶ ፊቴ ቀረበ። ሬዙሜው ላይ «ደንበኞችን በትሕትና አስተናግዳለሁ» የሚል፣ ሁሉም የሚጽፈው ዓይነት መስመር ነበር። ስናወራ ግን ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ሱቁ በየቀኑ 40 ፌስታል እንጀራ ይረከብ ነበር። ልጁ ለስድስት ሳምንት በየማታው ፈረቃው ሲያልቅ የተረፈውን ቆጥሮ ጽፏል። ሰኞ ሰኞ በአማካይ 14 ይተርፋል፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደንበኛ እንጀራውን ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚገዛውን ለስላሳና ወተትም ትቶ ይሄዳል። ለባለሱቁ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የሳምንቱ ድምር ሳይነካ ሰኞ 28፣ ቅዳሜ 52 ይምጣ። ባለሱቁ ሞከረው፤ የሚጣለው እንጀራ ቀነሰ። ልጁ ይህን ሁሉ ሳያውቀው የአሎኬተርን ሥራ ሠርቷል። እኛ ለዚህ ሥራ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የወጣበት ሶፍትዌር አለን፤ ሶፍትዌሩ የሚያስበውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

አንቺም አንድ መደርደሪያ ምረጪ፤ አንድ ብቻ። ከማናጀርሽ ጋር ተነጋግረሽ፣ የማይፈቀድ መረጃ ከሱቁ ሳታወጪ፣ ምን ያህል ዕቃ እንደገባና ምን ያህል እንደተሸጠ በየሳምንቱ ጻፊ። 120 ገብቶ 78 ከተሸጠ ሴል ስሩው 65 በመቶ ነው፤ ይህ ቁጥር በየስብሰባችን የሚነሣ የመጀመሪያው ቃል ነው። ዕቃው ከዓይን ትይዩ ካለው መደርደሪያ ወደ ታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን፣ ዋጋው ሲቀነስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ፕላኖግራሙ፣ ማለትም ዕቃው በመደርደሪያ ላይ እንዴት እንደሚደረደር የሚያሳየው ንድፍ፣ አምስት ረድፍ የሰጠው ዕቃ በእርግጥ አምስት ረድፍ ይገባው እንደሆነ ተመልከቺ። ዲስትሪክት ማናጀሩ ሊጎበኝ በሚመጣበት ዋዜማ ሱቁ ሁሉ እንዴት እንደሚተረማመስም አይተሽ ይሆናል፤ በዚያ ምሽት ቅድሚያ የሚስተካከሉት መደርደሪያዎች የትኞቹ እንደሆኑ ብታጤኚ፣ ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኝበትን ቦታ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ።

ሳምንት በሳምንት ስትጽፊ የሪቴሉን የዘመን አቆጣጠርም ብትለምጂ መልካም ነው። በዚህ አገር ብዙ መደብሮች ዓመታቸውን የሚጀምሩት በፌብሩዋሪ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ሩብ ዓመት በ4፣ በ5 እና በ4 ሳምንት ከፍለው ይቆጥራሉ፤ እንዲህ ሲሆን የዘንድሮው ወር ከአምናው ወር ጋር በእኩል ቅዳሜና እሑድ ይነጻጸራል። 52 ሳምንት 364 ቀን ብቻ ስለሆነ የሚተርፈው ቀን እየተጠራቀመ በየአምስት ወይም በየስድስት ዓመቱ 53ኛ ሳምንት ይጨመራል፤ እንደ 2017 እና 2023 ባሉት ዓመታት (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ተጨምሯል። አሜሪካዊ ባልደረቦቼ ይህ ነገር ግራ ሲያጋባቸው እኔ የገባኝ ወዲያው ነው፤ ጳጉሜን እየቆጠረ ላደገ ሰው ተራፊ ቀን ቦታ እንደሚፈልግ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተማሪዎች ፕሮግራሞች ልሻገር። ከሁሉ የሚታወቀው የብሔራዊ ሪቴል ፌዴሬሽን ፋውንዴሽን የሚያዘጋጀው ነው። ፌዴሬሽኑ በ1911 የተቋቋመ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ከአንቺ ብዙም ሳይርቅ ዋሽንግተን ዲሲ ይገኛል። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ኒው ዮርክ በሚገኘው የጃቪትስ ማዕከል ትልቁን ዐውደ ርዕዩን ያካሂዳል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ለተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ መድረክ አለ። የኩባንያ ኃላፊዎች ይናገራሉ፤ ቀጣሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ንግግሮቹን መስማቱ ክፉ አይደለም፤ ቢሆንም ከዚያ ጉዞ የሚገኘው ትልቁ ነገር ሎቢ ውስጥና ቡና ሰልፍ ላይ ነው፤ በሌላ ጊዜ ኢሜይልሽን የማይከፍት ሰው በዚያ ሦስት ቀን ደረቱ ላይ ስሙን ለጥፎ፣ ተማሪ እንዲያናግረው ተብሎ ተልኮ የመጣ ነው።

ይኸው ፋውንዴሽን ነክስት ጀነሬሽን የሚባል ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ አንደኛ ለሚወጣው ተማሪ ሽልማቱ 25,000 ዶላር ነው። የብቁነት መስፈርቱ በየዓመቱ ስለሚከለስ፣ በተለይም ትምህርት ቤቱ የፋውንዴሽኑ አጋር መሆን አለመሆኑን የሚመለከተውን ክፍል የዘንድሮውን አንብቢ። ይኸው ተቋም ከ2017 ጀምሮ ራይዝ አፕ የሚባል የሥልጠናና የምስክር ወረቀት ፕሮግራምም አለው፤ የደንበኛ አገልግሎትና የሪቴል መሠረታውያንን ያስተምራል። እውነቱን ለመናገር፣ አንቺ ሁለት ዓመት ሱቅ ውስጥ ሠርተሽ ከሆነ ይህ ወረቀት ብዙ አይጨምርልሽም፤ ሥራ ጀምሮ ለማያውቅ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት ካለሽ ግን ለእነሱ ንገሪያቸው።

ልብስና ፋሽን ከሳበሽ በ1937 የተመሠረተው የፋሽን ስኮላርሺፕ ፈንድ አለልሽ። ፈንዱ ገንዘብ የሚሰጠው ስለ ድህነትሽ በጻፍሽው ድርሰት ሳይሆን የኬዝ ጥናት (የአንድ ኩባንያን ችግር መርምሮ መፍትሔ ማቅረብ) ሠርተሽ በምታቀርቢው ሐሳብ ነው፤ ዲዛይን የማይችል ተማሪም በመርቻንዳይዚንግ (የሚሸጠውን ዕቃ በመምረጥና በማቅረብ) ወይም በአቅርቦት ሰንሰለት ዘርፍ መወዳደር ይችላል። በ2020 ከጋና ስደተኞች የተወለደው ዲዛይነር ቨርጂል አብሎ አንድ ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ፣ ለጥቁርና ለአፍሪካ ዝርያ ተማሪዎች የሚሆን ልዩ ዘርፍ ከዚሁ ፈንድ ጋር አቋቁሟል። እሱ በ2021 ቢያርፍም ስኮላርሺፑ ቀጥሏል። «ለእንደኔ ዓይነቱ ይሁን አይሁን» ላልሽው ከዚህ የቀረበ መልስ የለኝም።

የኬዝ ውድድር ምን እንደሆነ ለመቅመስ እስከዚያው መጠበቅ የለብሽም። በ1946 የተመሠረተውና ጽሕፈት ቤቱ ሬስተን፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው ዴካ የተባለው የቢዝነስ ተማሪዎች ማኅበር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሌላ የኮሌጅ ክፍልም አለው። ተማሪው ስለ አንድ መደብር ችግር የሚናገር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ጥቂት ደቂቃ አንብቦ ዳኛ ፊት ቀርቦ መፍትሔውን ይናገራል። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚገጥምሽ ፈተና ከዚህ ብዙም አይለይም። ኮሌጅሽ ውስጥ ክበቡ ከሌለ የቢዝነስ መምህርሽን ጠይቂ፤ ለመመሥረት ጥቂት ተማሪና አንድ ፈቃደኛ መምህር ይበቃል።

ኢንተርንሺፕ ላይ ብዙ የእኛ ልጆች የሚሸነፉት በችሎታ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለሚመጣው ሰመር የሚሆኑትን ተማሪዎች መምረጥ የሚጀምሩት በኦገስት መጨረሻ ሲሆን፣ ኖቬምበር ሲያልቅ ጥሩ ጥሩው ቦታ ተይዟል። በሜይ ፈተናሽን ጨርሰሽ መፈለግ ብትጀምሪ የምታገኚው የተረፈውን ነው። አሥር ሳምንት ገደማ የሚፈጀው ይህ ሥራ የሚከፈልበት ነው፤ ኩባንያው በመጨረሻው ሳምንት የሚያቀርብልሽ የቋሚ ሥራ ጥሪም የዓመቱን ሥራ ፍለጋ ሊያስቀርልሽ ይችላል። ታርጌት በ2025 ለዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመረጣቸው ማይክል ፊደልኪ በ2003 ወደ ኩባንያው የገቡት በኢንተርንነት ነበር። በ2014 የዎልማርት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት ዳግ ማክሚለን ደግሞ በ1984 ተማሪ ሳሉ በኩባንያው መጋዘን ከመኪና ዕቃ ያራግፉ ነበር። የዎልማርት መሥራች ሳም ዋልተንም ቢሆን በ1940 ከኮሌጅ እንደወጣ የጀመረው በጄሲፔኒ መደብር፣ በወር 75 ዶላር በሚከፈለው የማናጀርነት ሠልጣኝነት ነው። እነዚህን ስሞች የጠቀስኩት አንቺም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ትሆኛለሽ ልልሽ ሳይሆን፣ በዚህ ኢንዱስትሪ ውስጥ ከሱቅ ወለል መነሣት እንደ ነውር ሳይሆን እንደ መመኪያ የሚነገር መሆኑን እንድታውቂው ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ማግኘት ይችላልና ፋፍሳውን (የዚህን ርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) በየዓመቱ በጊዜ ሙዪ፤ ይህን ሳትሞዪ ሌላ ስኮላርሺፕ ማሳደድ የተከፈተ በር ትቶ በመስኮት መግባት ነው። ከውጭ ድርጅት ስኮላርሺፕ ስታገኚ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ርዳታ በዚያው ልክ ይቀንሳሉ፤ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ ነው። ሜሪላንድ ይህን አሠራር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ላይ በሕግ በመገደብ በ2017 ከሌሎች ግዛቶች ቀድማለች፤ የርዳታሽ ድምር ከገንዘብ ፍላጎትሽ እስካላለፈ ድረስ ዩኒቨርሲቲው የሰጠሽን አይነካብሽም። ወደ ግል ወይም ወደ ሌላ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ብትዛወሪ ግን ይህ ጥበቃ አይከተልሽም፤ ስለዚህ የስኮላርሺፕ ብዛት ከመቁጠርሽ በፊት የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮውን «ከውጭ 5,000 ዶላር ባመጣ ከእናንተ የሚቀነስብኝ አለ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪ።

ከስኮላርሺፕ ሁሉ ችላ የሚባለው ግን የአሠሪ የትምህርት ክፍያ ነው። አማዞን ከ2012 ጀምሮ ለመጋዘን ሠራተኞቹ ይከፍላል፤ ስታርባክስ በ2014 ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ጀመረ፤ ዎልማርት በ2018 በቀን አንድ ዶላር ብቻ ሠራተኛው እንዲከፍል አድርጎ ከጀመረ በኋላ በ2021 ያንንም አንድ ዶላር አስቀረው፤ ታርጌትም በዚያው ዓመት ተከተለ። አሠሪ ለትምህርት የሚከፍለው እስከ 5,250 ዶላር በዓመት ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ነው። የሚከፈልባቸው ትምህርት ቤቶችና የትምህርት ዓይነቶች የተወሰኑ ስለሆኑ ለአንቺ የዝውውር ዕቅድ ላይስማማ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከእኛ ሰው ውስጥ ለእነዚህ ኩባንያዎች ለዓመታት ሠርቶ ይህን መብቱን ሳይጠይቅ የወጣው ብዙ ነው። ለማመልከቻ ገንዘብ ክፈዪ የሚልሽ ስኮላርሺፕ ካጋጠመሽ ደግሞ ሳታነቢው እለፊው።

ስለ ማመልከቻ ድርሰቱ የምለው አጭር ነው። ብዙዎቹ ድርሰቶች የሚጀምሩት «ከኢትዮጵያ ስመጣ እንግሊዝኛ አልችልም ነበር» በሚል መስመር ነው። እውነት ነው፤ ያማልም፤ ነገር ግን አንባቢው በዚያ ቀን የዚህን ዓይነት አርባ ድርሰት አንብቧል። ስለ መደርደሪያሽ ጻፊ። የእንጀራውን ልጅ ታሪክ ከሰማን ስንት ዓመት አለፈ፤ ዛሬም ስብሰባ ላይ እናነሣዋለን።

የሚከብድሽ ምናልባት ሰው መተዋወቁ ይሆናል፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ያደግነው ታላቅ ፊት አንገት ደፍተን፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው። ጆብ ፌር ላይ አንገቱን የደፋ ልጅ ሳይ ጨዋነቱ ይገባኛል፤ አጠገቤ ለቆመው ባልደረባዬ ግን ፍላጎት ያጣ ይመስለዋል። ይሉኝታሽን ሙሉ በሙሉ ጣዪው አልልሽም፤ የዓይን ለዓይን መተያየቱንና ስምን ጠርቶ መጨባበጡን ግን እንደ አንድ የሥራ ክህሎት በመስተዋት ፊትም ቢሆን ተለማመጂው። ሌላው እንቅፋት ቃሉ ራሱ ነው። ኔትዎርኪንግ ሲባል ብዙዎቻችን «ሰው አለኝ» የሚለውን፣ በዘመድ መቀጠርን እናስባለንና ውስጣችን ይጸየፈዋል። እዚህ የሚፈለገው ያ አይደለም። የማታውቂውን ሰው ሥራ ስጠኝ ሳይሆን አንድ የሙያ ጥያቄ መልስልኝ ማለት ነው።

ጥያቄው እንዴት ያለ መሆን እንዳለበት ላሳይሽ። ሊንክድኢን ላይ ለምታገኚው አንድ ፕላነር «ስለ ሙያዎ ቢያካፍሉኝ» ብለሽ ብትጽፊ መልስ አይመጣም፤ ጥያቄው ሰፊ ነው፤ ሰውየውም ሥራ አለበት። በዚህ ፈንታ ይህን የመሰለ ጻፊ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ ግሮሰሪ ውስጥ የምሠራ የቢዝነስ ተማሪ ነኝ። የአንድ መደርደሪያ ሽያጭ ለስድስት ሳምንት መዝግቤ አንድ ነገር አልገባኝም፤ ዋጋው በተቀነሰ በሁለተኛው ሳምንት ሽያጩ ከቅናሹ በፊት ከነበረውም ዝቅ አለ። ይህ በእርስዎም ያጋጥማል? በስልክ 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ ልጠይቅዎ እወዳለሁ።» እኔ እንዲህ ዓይነት መልእክት ቢደርሰኝ ከምሳዬ ላይ ተነሥቼ እመልሳለሁ። መልሱንም ልንገርሽ፤ ደንበኛው በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ሳምንቱን ገዝቶ ጓዳው ውስጥ አስቀምጧል። መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺ፤ ከዚያ ተዪው። ከተነጋገራችሁ በማግስቱ አመስግኚ፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ምክሩን ሞክረሽ ምን እንዳገኘሽ ጻፊለት። ሁለተኛው መልእክት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ የሚጽፈው ሰው ግን ከስንት አንድ ነው።

በነገራችን ላይ የማውቀው ሰው የለም ያልሽው ትክክል አይመስለኝም። በዲሲና በአካባቢው ሱቅ፣ ግሮሰሪ፣ የቅመማ ቅመም መደብር ያላቸው ወገኖቻችን ስንት ናቸው? ከቅዳሴ በኋላ ከእነዚህ አባቶችና እናቶች አንዱን ቀርበሽ ግማሽ ሰዓት ኢንቮይስ አብረሽ እንድታዪ ጠይቂ። አቅራቢው ስንት ቀን ዱቤ እንደሚሰጥ፣ ያልተሸጠው ዕቃ ይመለስ አይመለስ፣ የማቀዝቀዣው ቦታ ለማን እንደሚሰጥ ይነግሩሻል። እነሱ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ስለሆነ ስለ ስቶክ የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ አዲስ ምሩቅ አላየሁም።

የቤተሰቦችሽን ነገር ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፤ ክፉ ምክር አልመከሩሽም። ነርስ ፈቃዷን ይዛ በማንኛውም ከተማ ሥራ ታገኛለች፤ መነሻ ደመወዙም ከረዳት ባየር ደመወዝ በአብዛኛው ይበልጣል። ብዙዎቹ የሪቴል ዋና መሥሪያ ቤቶች ያሉት ደግሞ ከቤተሰብሽ ርቀው ነው፤ ዎልማርት ቤንተንቪል፣ አርካንሳ፤ ታርጌት ሚኒያፖሊስ። ትልልቅ የመደብር ሰንሰለቶች ሲዘጉና ሠራተኛ ሲቀንሱም በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ራሴም ከተቀነሱት መካከል ነበርኩ። ታዲያ ይህን ሁሉ አውቀሽ አሁንም መደርደሪያው የሚስብሽ ከሆነ፣ ለአባትሽ ስለ ምኞት ሳይሆን ስለ ኢንተርንሺፑ ክፍያና ስለ ማመልከቻው ቀን ንገሪው። የእኔ አባት የተረዳኝ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ሲያይ ነው፤ ያም ሆኖ ማርጂን ከሽያጭ ዋጋ ላይ ይሰላል ስለው እስከ ዛሬ አልተቀበለኝም።

በቪዛ ላይ ያሉ ተማሪዎች ይህን ቢያነቡ አንድ ልዩነት ይወቁ። የኤፍ ዋን ተማሪ በፋፍሳ የሚገኘውን ርዳታ አያገኝም፤ ከካምፓስ ውጪ በሚሠራው ኢንተርንሺፕም ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ሳያገኝ መጀመር የለበትም። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ጊዜ 12 ወር ሲሆን፣ በዝርዝሩ ውስጥ ለተካተቱ የሳይንስና የሒሳብ ነክ ዘርፎች 24 ወር ይጨመራል። ተራ የማርኬቲንግ ዲግሪ ከዝርዝሩ ውጪ ነው፤ የማኔጅመንት ሳይንስ ምድብ ውስጥ የተመዘገበ የቢዝነስ አናሊቲክስ ዲግሪ ግን ይካተታል፤ ለፕላነርነትም የሚስማማው እሱ ነው።

የቀረው ዝውውርሽ ነው፤ የሚቸኩለውም እሱ ነው። የሪቴል ማዕከል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ አሪዞና፣ አርካንሳ፣ ቴክሳስ ኤይ ኤንድ ኤም ከሚታወቁት ናቸው፤ ቀጣሪዎችም ወደ ካምፓሳቸው ድረስ ይመጣሉ። ነገር ግን ከግዛት ውጪ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያቸው ስለሚንር፣ ቁርጥ ያለ የገንዘብ ድጋፍ ሳይያዝ አልመክርሽም። ለአንቺ የሚቀርበው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ክፍል ሮክቪል በሚገኘው በሼዲ ግሮቭ ካምፓስ የሚሰጠው ፕሮግራም ይመስለኛል፤ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚዛወሩ ተማሪዎች የለመዱት መንገድ ነው፤ ግሮሰሪውንም ሳትለቂ መማር ትችያለሽ። ከማመልከትሽ በፊት ለምትመርጫቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሦስት ጥያቄ ላኪ፤ ከሪቴል ፌዴሬሽኑ ፋውንዴሽን ጋር ግንኙነት አላችሁ ወይ፤ የትኞቹ የሪቴል ኩባንያዎች በመጸው (ፎል) ሴሚስተር ካምፓሳችሁ መጥተው ይመለምላሉ፤ የተዛወረ ተማሪ በገባበት በመጀመሪያው ሴሚስተር የካሪየር ማዕከሉን መጠቀም ይችላል ወይ። ሦስተኛዋ ጥያቄ ተራ ትመስላለች፤ ይሁንና ኦገስት ላይ ገብታ ሴፕቴምበር ላይ ማመልከት ላለባት ልጅ የአንድ ሙሉ ሰመር ጉዳይ ናት። ማናጀርሽንም የድጋፍ ደብዳቤውን አሁኑኑ፣ የመደርደሪያሽ ቁጥር በእጅሽ ሳለና እሱም በዚያ ቅርንጫፍ ሳለ ጠይቂው፤ የሱቅ ማናጀሮች በየጊዜው ይዛወራሉ፤ የአዲሱ ማናጀር ደብዳቤ ከስምሽና ከሰዓትሽ በቀር ምንም አይኖረውም።